ከወራት ወደ ደቂቃ፦ ሰውነትን አላልቶ ጭንቀትን የማቅለል ልምምድ ታሪክ

ዛሬ ስልኩን ከፍቶ ዓይንህን ጨፍን፣ ትከሻህን ልቀቅ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ የሚል ለስላሳ ድምፅ ለመስማት የፈለገ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። ብዙዎቻችን ይህ ልምምድ ወይ ከህንድ መነኮሳት እንዳለ የተወሰደ፣ ወይ የስልክ መተግበሪያ ሠሪዎች ትናንት የፈጠሩት ይመስለናል። በመካከል ያለው ረጅም መንገድ ግን በቤተ ሙከራ፣ በጦር ሰፈር፣ በሆስፒታል ምድር ቤትና በስደተኞች ሰፈር ያልፋል። መንገዱን ከመነሻው የተከተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል። እያንዳንዱ ትውልድ ማለት ይቻላል፣ ከቀደመው የተረከበውን ልምምድ አሳጥሮታል። ባሳጠረው ቁጥር ለብዙ ሰው አድርሶታል፤ ከልምምዱ ውስጥም የሆነ ነገር ቀንሷል። የቀነሰው ምን እንደሆነ ለማየት ታሪኩን በተራው መንገር ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1908 እስከ 1934፦ ከእጅ አንጓ የጀመረው ትምህርት

ኤድመንድ ጃኮብሰን በ1888 ቺካጎ ውስጥ ተወለደ። ልጅ ሳለ በከተማው አንድ ሆቴል ተቃጥሎ ሰው ሞቶ ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ትልልቅ ሰዎች ሲርበደበዱ ማየቱ ከአእምሮው አልጠፋም። በ1908 በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሆኖ የያዘው ጥያቄም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰው ድንገት ድምፅ ሲሰማ ለምን ይደነግጣል? ተሳታፊዎቹን እያስቀመጠ ድንገተኛ ድምፅ አሰማቸው፤ ሰውነታቸው እንዴት እንደሚመልስም ተከታተለ። ጡንቻቸውን በሚገባ አላልተው የተቀመጡት ሰዎች ድንጋጤ በጣም አነስተኛ ነበር፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይታይም። በዚያው ጊዜ እሱ ራሱ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ይሰቃይ ነበር። ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያዳምጥ፣ አረፍኩ ባለበት ሰዓት እንኳ የሆነ ቦታ የተኮማተረ ጡንቻ እንዳለው አስተዋለ።

ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በዚህች ትንሽ ግኝት ላይ ነው። ሰው አረፍኩ ስላለ አላረፈም። ተኝቶም፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎም፣ ግንባሩና መንጋጋው፣ ትከሻውና ጣቶቹ ሥራ ላይ ናቸው። ሰውየው ግን አያውቀውም። ስለዚህ እረፍት፣ ልክ እንደ ፊደል፣ ከመጀመሪያው መማር ያለበት ነገር ነው ሲል ጃኮብሰን ደመደመ።

አስተማሪነቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በሽተኛው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በጀርባው ይጋደማል። ቀስ እያለ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ የግራ እጁን ከአንጓው ወደ ኋላ እንዲያጥፍና እንዳጠፈ እንዲያቆየው ይነገረዋል። በክንዱ የላይኛው ወገን፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ በጣም ደካማ የሆነ አንድ ስሜት ይመጣል። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው አንጓው ላይ ያለውን ጎላ ያለ መወጠር ነውና ይሳሳታል፤ ጃኮብሰን ፈልግ የሚለው ግን ያንን ደካማውን፣ የጡንቻውን ስሜት ነው። በሽተኛው ሲያገኘው እጁን እንዲለቅና ለብዙ ደቂቃዎች ምንም ሳያደርግ እንዲቆይ ይታዘዛል። የአንዱ ሙሉ ሰዓት ትምህርት ይኸው ነው፦ አንድ እጅ፣ አንድ መታጠፍ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። በማግሥቱ ሌላ ጡንቻ ይቀጥላል። በየሦስተኛው ቀን ደግሞ ምንም ነገር አይኮማተርም፤ ሰዓቱ በሙሉ መልቀቅ ብቻ ነው። እግር፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ ትከሻ፣ ፊት እየተባለ ዓይንና ምላስ ጋ እስኪደረስ ወራት ያልፋሉ።

ዓይንና ምላስ መጨረሻ ላይ የቀሩበት ምክንያት አለ። ጃኮብሰንን እጅግ አነስተኛ የሆነውን የጡንቻ ኤሌክትሪክ፣ እስከ አንድ ሚሊዮነኛ ቮልት ድረስ፣ የሚለካ መሣሪያ ለመሥራት የቤል ስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ረድቶታል። በዚያ መሣሪያ ሲለካ፣ በቀኝ እጁ መዶሻ እንደሚመታ በሐሳቡ ብቻ የሚያስብ ሰው የቀኝ ክንዱ ጡንቻ ሲሠራ ታየ። የኤፌል ማማን በዓይነ ሕሊናው እንዲያይ የተጠየቀው ደግሞ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ማማውን ከታች ወደ ላይ የሚያይ ይመስል የዓይኑ ጡንቻዎች ተንቀሳቀሱ። ጃኮብሰን ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ደፋር ነበር፤ ጭንቀት የተሞላ ሐሳብ በሰውነት ውስጥ የሚታይ ሥራ ስለሆነ፣ ሰውነት ሥራውን ሲያቆም ሐሳቡም ይዳከማል።

ግኝቱን በ1929 ለሐኪሞች፣ በ1934 ደግሞ ለተራው አንባቢ በመጽሐፍ አወጣው። የሁለተኛው መጽሐፍ ርዕስ ዘና ማለት ግዴታህ ነው የሚል መልእክት ያለው ነው። የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበርና ሥራም እንቅልፍም ያጣው አሜሪካዊ ገዛው። ጃኮብሰን በአንድ ነገር ግን አልተደራደረም፤ በሽተኛው አሁን እየተላላህ ነው፣ እየከበደህ ነው ተብሎ እንዲነገረው አይፈልግም። ያ ሰውን በቃል ማሳመን ነው፤ እሱ የሚሻው በሽተኛው በራሱ ስሜት እንዲያውቀው ነበር።

ከ1932 እስከ 1945፦ በርሊን፣ የክብደትና የሙቀት ልምምድ

ጃኮብሰን የሸሸውን የቃል ኃይል ሌላ ሐኪም አጥብቆ ያዘው። ዮሃንስ ሃይንሪሽ ሹልትስ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ከእሱ በፊት የአንጎል ተመራማሪው ኦስካር ፎግት፣ በሂፕኖሲስ የታከሙ አንዳንድ በሽተኞች ሐኪሙ ሳይኖር ወደዚያው ሁኔታ በራሳቸው መግባት እንደቻሉ አስተውሎ ነበር። ሹልትስ ስሜታቸውን ሲጠይቅ ሁለት ነገር ደጋግመው ነገሩት፦ እጅና እግር ይከብዳል፣ ከዚያም ይሞቃል። ታዲያ መንገዱን ገልብጠን ብንሄድበትስ? ሰው ክብደቱንና ሙቀቱን በሐሳቡ ቢጠራ ጸጥታው ይመጣ እንደሆነ ሞከረ። በ1932 አውቶጄኒክ ስልጠና ብሎ የሰየመውን ዘዴ በመጽሐፍ አሳተመ።

ሰልጣኙ ስድስት ደረጃዎችን ይወጣል፦ የክንድና የእግር ክብደት፣ ሙቀት፣ የተረጋጋ ልብ፣ የተረጋጋ ትንፋሽ፣ የሞቀ ሆድ፣ የቀዘቀዘ ግንባር። እያንዳንዱን በአጭር ዓረፍተ ነገር ለራሱ በልቡ ይደጋግማል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ። ሹልትስ ያስተማረው አቀማመጥ ስሙን ያገኘው ከበርሊን ጋሪ ነጂዎች ነው። ደንበኛ ሲጠብቁ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ጎንበስ ብለው፣ ክንዳቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያንቀላፉ ነበር። አልጋም ጨለማ ክፍልም ማዘጋጀት ሳያስፈልግ በሥራ ቦታ ወንበር ላይ የሚሠራ ልምምድ ተገኘ ማለት ነው።

የሹልትስን ታሪክ ከዘዴው ለይቶ መንገር አይገባም። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ የናዚው ባለሥልጣን የሄርማን ጎሪንግ ዘመድ የሆነው ማቲያስ ጎሪንግ በሚመራው የበርሊን የሥነ ልቦና ሕክምና ተቋም ምክትል ኃላፊ ሆነ። የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች እንዲገደሉ የሚያበረታታውን አስተሳሰብም በአደባባይ ደግፏል። ሰውን ከጭንቀት ለማሳረፍ የደከመ እጅ ለዚያ መንግሥት ማገልገሉ፣ የሕክምና ጥበብ ብቻውን የሐኪሙን ሕሊና እንደማይጠብቅ ያሳያል። ከጦርነቱ በኋላ ዘዴው በጀርመን መስፋፋቱን ቀጠለ፤ ቮልፍጋንግ ሉተ የተባለ ሐኪም ደግሞ ካናዳ ወስዶ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም አስተዋወቀው።

ከ1936 እስከ 1958፦ ጦርነቱና የደቡብ አፍሪካው ሐኪም

እስከዚህ ድረስ ልምምዱ የጥቂት ሐኪሞችና የበሽተኞቻቸው ጉዳይ ነበር። ወደ ሕዝብ መሐል ያስገቡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሳይንስ ነው። የሀርቫርዱ ዋልተር ካነን፣ ሰውነት አደጋ ሲገጥመው ለመፋለም ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ልብ እንዴት እንደሚፈጥንና ደም ወደ ጡንቻ እንዴት እንደሚሮጥ ቀደም ሲል በ1915 አሳይቶ ነበር። በ1936 ደግሞ በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሃንስ ሴልዬ፣ ብርድም ይሁን መርዝ ወይም ቁስል፣ የአይጦቹ ሰውነት ለሁሉም ተመሳሳይ መልስ እንደሚሰጥ በአጭር ጽሑፍ አስታወቀ። የዕለት ተዕለት ውጥረት በሰውነት ላይ የሚታይ ጉዳት ያደርሳል የሚለው እምነት ሐኪሙም ተራው ሰውም አፍ ላይ የገባው ከእሱ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጦርነቱ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም የአሜሪካ ባሕር ኃይል የወደፊት አብራሪዎቹን የጃኮብሰንን ዓይነት ልምምድ ማስተማር ጀመረ፤ ካሊፎርኒያ ዴል ሞንቴ በነበረው የቅድመ በረራ ትምህርት ቤትም ሰልጣኞች ጡንቻቸውን ማላላትና በፍጥነት መተኛት ይማሩ ነበር። ወራት የሚወስድ ትምህርት ለጦርነት አይመችም። ልምምዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥድፊያ ያጠረው እዚህ ነው።

ትልቁ ማሳጠር ግን ከአፍሪካ መጣ። ጆሴፍ ዎልፒ በ1915 ጆሃንስበርግ ተወለደ፤ በጦርነቱ የሠራዊት ሐኪም ሆኖ በውጊያ ድንጋጤ የታወኩ ወታደሮችን አከመ። በመድኃኒት እያደነዘዙ የደረሰባቸውን እንዲናገሩ ማድረግ ያኔ የታመነበት ሕክምና ነበር፤ ዎልፒ ግን ዘላቂ ለውጥ አላየም። ከጦርነቱ በኋላ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ በድመቶች ላይ ሙከራ አደረገ። በሳጥን ውስጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት የቀመሱ ድመቶች እዚያ ክፍል ውስጥ ምግብ አይቀምሱም። ሳጥኑን ከማይመስል ክፍል ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ እየተጠጋ ሲያበላቸው ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። መብላትና መፍራት አብረው አይሄዱም።

ለሰው ከምግቡ የተሻለ ነገር አስፈለገው፤ የጃኮብሰንን መጽሐፍ ሲያነብ አገኘው። የላላ ሰውነትና ፍርሃትም አብረው አይሄዱም። ስለዚህ በሽተኛው የሚፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይዘረዝራል፣ ሰውነቱን ያላላል፣ ከዚያ ቀላሉን በሐሳቡ ያያል፤ ሳይጨነቅ ማየት ሲችል ወደ ቀጣዩ ይወጣል። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዘዴ ለዓለም አቀረበ። ወራት ይፈጅ የነበረው የጃኮብሰን ትምህርት በዎልፒ እጅ ወደ ስድስት ያህል ቀጠሮና በቀን ሁለት ጊዜ ሩብ ሰዓት ወደሚሠራ የቤት ሥራ ወረደ። ዛሬ በሕክምና ቤት የምንማረው ጡጫ ጨብጦ የመልቀቅ ልምምድ ከጃኮብሰን ይልቅ ለዎልፒ የቀረበ ነው። ጃኮብሰን ጡንቻውን በትንሹ አኮማትሮ ደካማውን ስሜት ፈልግ ይል ነበር፤ አሳጣሪዎቹ አጥብቀህ ጨብጥ ይላሉ። ማስተዋሉ የሳሳው እዚህ ይመስለኛል።

ከ1955 እስከ 1975፦ ኪኒኑና ከሌሊቱ በር የገቡት እንግዶች

በዚህ መሐል ልምምዱን ሁሉ የሚያስረሳ ነገር መጣ። በ1955 ሚልታውን የተባለው ማረጋጊያ ኪኒን፣ በ1963 ደግሞ ቫሊየም በአሜሪካ ገበያ ዋለ። ለወራት ይቅርና ለሩብ ሰዓት መጋደም የማያስፈልገው ማረፊያ ተገኘ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ወሰደው፤ ለማቆም ሲሞክር ኪኒኑ እንደያዘው ያወቀም ብዙ ነው። ከዓመታት በኋላ ሕዝቡ ወደ ትንፋሽና ወደ ጸጥታ የተመለሰበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ይጀምር።

ኸርበርት ቤንሰን የሀርቫርድ የልብ ሐኪም ነበር፤ ጦጣዎች የደም ግፊታቸውን ከፍና ዝቅ ማድረግ መልመድ ይችሉ እንደሆነ ያጠና ነበር። ሙዚቀኞቹ ቢትልሶች ህንድ ሪሺኬሽ ወደ ተመስጦ አስተማሪው ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ በሄዱበት በ1968፣ የማሃሪሺ ተከታዮች ወደ ቤንሰን ቤተ ሙከራ መጥተው እኛን አጥናን አሉት። አልተቀበላቸውም፤ ስሙ እንዳይጠፋ ሠጋ። እነሱ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በመጨረሻ እሺ ሲልም ሰው እንዳያይበት በምሽት ሰዓት፣ በጎን በር አስገባቸው። ቤተ ሙከራው የነበረው ዋልተር ካነን የሽሽትና የፍልሚያን ነገር ባጠናበት በዚያው ሕንጻ ውስጥ ነበር።

የታየው አስደነቀው። በጸጥታ ተቀምጠው በልባቸው አንድ ሚስጥራዊ ቃል ሲደጋግሙ፣ ሰውነታቸው የሚጠቀመው ኦክስጅን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀነሰ፤ ትንፋሻቸውም ዘገየ። ቤንሰንና በካሊፎርኒያ ተመሳሳይ ጥናት ይሠራ የነበረው ሮበርት ኪት ዋላስ ውጤቱን አብረው አሳተሙ። ከዚያ ቤንሰን ሚስጥራዊውን ቃል አውጥቶ በተራ ቃል ተካው፤ አንድ የሚለውን ቁጥር እንኳ እየደጋገሙ መተንፈስ ይበቃል አለ። ጸጥ ያለ ቦታ፣ የሚመች አቀማመጥ፣ የሚደጋገም ቃል፣ ሐሳብ ቢመጣ አለመጣላት፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ። በ1975 ያወጣው መጽሐፍ በብዛት ከተሸጡት መሐል ገባ።

ቤንሰን ይህ አዲስ እንዳልሆነ፣ በክርስትናም በእስልምናም በአይሁድም የሚደጋገም ጸሎት እንዳለ በመጽሐፉ ዘርዝሯል። አማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ መቁጠሪያ ይዛ እግዚኦታን የምትደግም እናቱን፣ ወይም ተስቢህ የሚቆጥር አባቱን ቢያስብ አይፈረድበትም። እነሱ ጸሎት የሚያደርሱት ለደም ግፊት ብለው አይደለም፤ ሰውነታቸው ግን በዚያ ሰዓት የሚያርፍ መሆኑ እውነት ይመስለኛል። የቤንሰን ሥራ ጥያቄ አልታጣበትም። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሆምስ በ1984 ያሉትን ጥናቶች ሰብስቦ፣ ተመስጦ ዝም ብሎ ከመቀመጥ የበለጠ ሰውነትን እንደሚያሳርፍ አላገኘሁም ብሎ ጻፈ።

ከ1979 እስከ 1993፦ የሆስፒታሉ ምድር ቤት

ጆን ካባት-ዚን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኖቤል ተሸላሚው ሳልቫዶር ሉሪያ ሥር የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ዶክትሬቱን የሠራ፣ ዜንና ዮጋን ለዓመታት የተለማመደ ሰው ነው። በ1979 በዉስተር ከተማ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞችን አንድ ነገር ጠየቀ፦ ምን ልታደርጉላቸው እንደምትችሉ የቸገራችሁን በሽተኞች ላኩልኝ። የጀርባ ሕመም፣ ራስ ምታት፣ ለዓመታት የማይለቅ ስቃይ ያለባቸው ሰዎች ወደ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ወረዱ።

የጠበቃቸው ፕሮግራም በዚህ ታሪክ ውስጥ ወደ ኋላ የተመለሰው ብቸኛው ነው። አላሳጠረም፤ አረዘመ። ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ በመሐል አንድ ሙሉ ቀን በዝምታ፣ ከዚያ ሌላ በየቀኑ ቤት ውስጥ 45 ደቂቃ በካሴት። ካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ ሰውየውን ያጋድምና ከግራ እግሩ ጣቶች ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ በሐሳቡ ይመራዋል፤ ምን ይሰማሃል ይለዋል፣ አላላው ግን አይለውም። ሕመም ካለ ሕመሙን እንዳለ እንዲያይ ይጠይቀዋል። ግቡ ተቀየረ ማለት ነው። ጃኮብሰን ውጥረቱ እንዲጠፋ ይሠራ ነበር፤ ካባት-ዚን ካልጠፋው ጋር እንዴት እንደሚኖር ያስተምራል። የቡድሃ እምነት ቋንቋን ሆን ብሎ አስቀርቶታል። በ1982 ስለ 51 የረጅም ጊዜ ሕመምተኞች ያወጣው ጥናት ሐኪሞችን፣ በ1993 ቢል ሞየርስ በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ያቀረበው ዝግጅት ደግሞ ተራውን ተመልካች ሳበ።

በሌላ በኩል ማሳጠሩ አልቆመም። የስዊድኑ ላርስ-ጎራን ኦስት በ1987 ባወጣው ዘዴ፣ ሰልጣኙ ከ15 ደቂቃ ጀምሮ በሳምንታት ልምምድ በ20 ወይም በ30 ሰከንድ ሰውነቱን ማላላት ይደርሳል፤ ስብሰባ ላይ ሆኖ፣ ሰልፍ ላይ ቆሞ። ይህ ማሳጠር ከሌሎቹ ይለያል። ሠላሳ ሰከንዷ የመጨረሻው ፍሬ ናት እንጂ መግቢያ በር አይደለችም፤ ከኋላዋ የሳምንታት ሥራ አለ። ፖል ሌረር በ1982 የጃኮብሰንን ሥራ እንደገና መርምሮ፣ ሰው በአካል ያስተማረው ልምምድ ከካሴት ከተማሩት ይልቅ በሰውነት ላይ ጎልቶ እንደሚታይ ጽፏል። በ1983 ደግሞ ሃይዲና ቦርኮቬክ፣ አንዳንድ ሰው ሰውነቱን ለማላላት ሲሞክር ጭንቀቱ እንደሚብስ አሳዩ። እንዲህ ሲሆን አጠገብ ያለ አስተማሪ አይቶ ያስተካክላል፤ ካሴት ግን መናገሩን ይቀጥላል።

ከ2010 እስከ 2022፦ ስልኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የስደተኞች ሰፈሩ

ሄድስፔስ በ2010፣ ካልም በ2012 ተመሠረቱ። የአስተማሪው ድምፅ ኪስ ውስጥ ገባ፤ የአሥር ደቂቃ፣ የሦስት ደቂቃ፣ የአንድ ደቂቃ ልምምድ ተዘጋጀ። በ2014 በጃማ የውስጥ ደዌ ሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ ከ3500 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 47 ጥናቶችን አይቶ፣ የተመስጦ ልምምዶች ጭንቀትን፣ ድባቴንና ሕመምን መጠነኛ በሆነ ደረጃ እንደሚያቀሉ፣ ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት ይበልጣሉ ለማለት ግን ማስረጃ እንደሌለ አስታወቀ። ለሚሊዮኖች የተነገረው ተስፋ ከዚህ ይልቅ በጣም ትልቅ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ አጭርነትን ለሌላ ዓላማ ፈለገው፤ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ቦታ ለሚኖር ሰው። ያዘጋጀው ትምህርት አምስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። ትምህርቱ በድምፅ ተቀርጿል፤ አብሮት ማንበብ የማይችል ሰው የሚከታተለው በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ አለ። ድምፁን የሚከፍተውና የሚያቆመው፣ ውይይቱን የሚመራው ጥቂት የሰለጠነ የአካባቢ ሰው ነው። ከልምምዶቹ አንዱ፣ ሐሳብ ጎርፍ ሆኖ ሲወስድ እግርን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቀስ ብሎ ተንፍሶ፣ አካባቢ ያለውን ማየትና መስማት ነው። ትምህርቱ ኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ ውስጥ በ14 መንደሮች፣ በ694 ደቡብ ሱዳናውያን ሴት ስደተኞች ላይ በጁባ ዓረብኛ ተፈተነ። በ2020 በወጣው ውጤት፣ ከሦስት ወር በኋላ የተማሩት ሴቶች የአእምሮ ስቃይ ካልተማሩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከአጭሮቹ ሁሉ ይህ በጣም የሚያሳምነኝ ነው፤ ድምፁ ሴቶቹን ብቻቸውን አልተዋቸውም፣ በቡድን አብረው ተቀምጠው ሰምተዋል።

በ2022 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጡ። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ከ8000 በላይ ተማሪዎች ላይ የተሞከረው የአስተውሎት (ስሜትን እንዳለ የማየት) ትምህርት ከተለመደው የማኅበራዊና የስሜት ትምህርት የተሻለ ውጤት አላመጣም፤ አብዛኞቹ ልጆች ልምምዱን ቤታቸው ሄደው አልሠሩትም። በአሜሪካ ደግሞ ኤሊዛቤት ሆግና ባልደረቦቿ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን የካባት-ዚንን የስምንት ሳምንት ፕሮግራም፣ ግማሹን ኤስሲታሎፕራም የተባለ የታወቀ መድኃኒት ሰጡ። ጭንቀቱ በሁለቱም ወገን በተቀራራቢ መጠን ቀነሰ። በመድኃኒቱ ጎጂ ውጤት ምክንያት 10 ሰዎች ሲያቋርጡ፣ በልምምዱ ምክንያት ያቋረጠ አልነበረም። ጥናቱ ከተጀመረ ከ24 ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን፣ ከመድኃኒት ወሳጆቹ 52 በመቶው አሁንም ይወስዱ ነበር፤ ልምምዱን ከተማሩት መካከል አዘውትረው እየሠሩት የተገኙት 28 በመቶ ናቸው።